ልጆችና የእርሻ ማሽኖች

ልጆች ትራክተር ወይም ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ማሽን ማንቀሳቀስ ይገባቸዋል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ የቤተሰብ እርሻ በተስፋፋባቸው አገሮች፣ በተለይም በአሜሪካ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የቆየ የልጆች ደኅንነትና የሠራተኛ ሕግ ጉዳይ ነው። በአንድ በኩል ልጅን ከሕፃንነቱ ከሥራ ጋር የማለማመድ ልማድ አለ። በሌላ በኩል በአንድ ቅጽበት ስሕተት ሕይወት ወይም እጅና እግር የሚያሳጣ ማሽን አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አንድ ልጅ ተቀምጦ የሚነዳውን የሣር ማጨጃ ለማንቀሳቀስ ቢያንስ 16 ዓመት፣ በእጅ የሚገፋውን ባለሞተር ማጨጃ ለማንቀሳቀስ ደግሞ ቢያንስ 12 ዓመት ሊሆነው ይገባል ሲል ይመክራል።

ቤትና የሥራ ቦታ

ግብርናን ከሌሎች አደገኛ ሥራዎች የሚለየው ቤትና የሥራ ቦታ አንድ መሆናቸው ነው። ፋብሪካ ወይም የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ልጅ አይገኝም፤ በቤተሰብ እርሻ ግን ልጅ የሚጫወትበት ግቢ ትራክተር የሚመላለስበት ግቢ ነው። በአሜሪካ ከሚሠሩ ልጆች መካከል በግብርና የተሰማሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ሆኖም የአገሪቱ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2003 እስከ 2016 በሥራ ላይ ከሞቱት 452 ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በግብርና ሥራ ነው።

የማሽኖቹ ባሕርይ

ትራክተር ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራና ክብደቱም ወደ ላይ ያደላ በመሆኑ በቀላሉ ይገለበጣል። በተዳፋት ላይ ወይም በቦይ ዳር ሲሄድ ወደ ጎን ሊወድቅ ይችላል። ወደ ኋላ መገልበጡ ደግሞ ይበልጥ ፈጣን ነው። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃ ይዟቸው መዞር ሲያቅታቸው፣ ወይም የሚጎተተው ሸክም ከመጎተቻው ከፍ ብሎ ሲታሰር፣ የሞተሩ ኃይል ጎማውን በማዞር ፈንታ የትራክተሩን ፊት ወደ ላይ ያነሣዋል። ፊቱ መነሣት ከጀመረ በኋላ ትራክተሩ ሊመለስ ከማይችልበት ደረጃ ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፍሪሲዮን ረግጦ ኃይሉን ማቋረጥ ልምድ ላለው አዋቂም ከባድ ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ትራክተሩ ሲገለበጥ ነጂው እንዳይጨፈለቅ የሚከላከል ጠንካራ የብረት ክፈፍ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዳዲስ ትራክተሮች ሁሉ ይህ ክፈፍ እንዲኖራቸው በሕግ ደነገገች፤ በመገልበጥ የሚደርሰው ሞትም በእጅጉ ቀነሰ። በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ደንብ የሚመለከተው ተቀጣሪ ሠራተኞች የሚነዷቸውን ትራክተሮች ብቻ ነበር። አምራቾች በአዳዲስ ትራክተሮች ሁሉ ላይ ክፈፉን በራሳቸው ፈቃድ መግጠም የጀመሩት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ትራክተር ደግሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚያገለግል ንብረት ስለሆነ፣ ክፈፍ የሌላቸው አሮጌ ትራክተሮች ዛሬም በቤተሰብ እርሻዎች ላይ ይሠራሉ። ክፈፉ የሚጠብቀውም ቀበቶ አስሮ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ነጂ እንጂ ከጎኑ የተንጠለጠለውን ተሳፋሪ አይደለም።

ሁለተኛው አደጋ የትራክተሩን ኃይል ወደሌሎች መሣሪያዎች የሚያስተላልፈው ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ በተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። የሹራብ ክር፣ የጫማ ማሰሪያ ወይም ረጅም ፀጉር ከነካው ሰውየው ምን እንደደረሰበት ሳያውቅ ይጠቀልለዋል። ስለዚህም ዘንጉ ምንጊዜም መሸፈኛ ሊኖረው ይገባል።

ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ሲታይ መጫወቻ መኪና ይመስላል፤ ለልጆች ማራኪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የአምራቾች ደረጃ ለስለቱ ጫፍ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 97 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት የሚዞር ስለት ድንጋይ ወይም የሽቦ ቁራጭ ቢያገኝ አስፈንጥሮ ሩቅ የቆመን ሰው ሊያቆስል ይችላል።

የልጅ አቅም

የክርክሩ እምብርት «ልጁ መንዳት ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይመስላል። የደኅንነት ባለሙያዎች ግን ጥያቄው በዚህ መልክ መቅረቡን አይቀበሉትም። ቁልፍ አዙሮ፣ ማርሽ አስገብቶ በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድን የአሥር ዓመት ልጅም ሊማረው ይችላል። አስቸጋሪው ማሽኑን ማስነሣት ሳይሆን ያልተጠበቀ ነገር ሲመጣ በትክክል ማቆም ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት የአካል መጠን ነው። የትራክተር ወንበር፣ መሪ፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን የተሠሩት ለአዋቂ ሰው ነው። እግሩ ያልደረሰለት ልጅ ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ ከወንበሩ ወደ ፊት መንሸራተት አለበት፤ ያን ጊዜ የጀርባ ድጋፉንም ሆነ ከፊቱ ያለውን እይታ ያጣል። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ለመርገጥ የሚያስፈልገውን ጉልበትም ላያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው እንቅፋት የማመዛዘን ችሎታ ነው። ርቀትንና ፍጥነትን መገመት፣ ከፊትና ከኋላ ያለውን በአንድ ጊዜ መከታተል፣ ትኩረት ሳይበተን ለሰዓታት መሥራትና አደጋን አስቀድሞ ማየት ቀስ በቀስ የሚዳብሩ ችሎታዎች ናቸው። ልጅ የተማረውን ቅደም ተከተል በደንብ ይደግማል፤ በሥልጠናው ያልነበረ ርጥብ ተዳፋት ወይም ድንገት የሚሮጥ ውሻ ሲያጋጥመው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ላያውቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት ለብዙ ሳምንታት ያለ ችግር መንዳቱ ለብቻው ለሥራው መድረሱን አያረጋግጥም።

ተሳፋሪ ልጆች

ጉዳት የሚደርሰው በሚነዱ ልጆች ላይ ብቻ አይደለም። በጭን ላይ ተቀምጠው፣ በጎማ መሸፈኛው ላይ ተደግፈው ወይም በተሳቢ ላይ ሆነው የሚሄዱ ልጆች ወድቀው ከጎማ ወይም ከስለት ሥር ይገባሉ። ሌሎቹ ደግሞ ማሽኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ከነጂው እይታ ውጭ የነበሩ ሕፃናት ናቸው።

ሁለቱ አደጋዎች ይያያዛሉ። አባቱ ወይም አያቱ አንድ ቀን በማጨጃው ላይ ያንሸራሸሩት ሕፃን የሞተሩን ድምፅ ከጨዋታ ጋር ያዛምደዋል። በሌላ ቀን ያንኑ ድምፅ ሲሰማ እንደገና ለመሳፈር እየሮጠ ይመጣል። ነጂው በሞተሩ ጩኸት ምክንያት አይሰማውም፤ ወደ ኋላ እየሄደ ከሆነም አያየውም። አካዳሚው ማንም ልጅ በማጨጃ ላይ እንዳይሳፈር፣ ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ሣር በሚታጨድበት ጊዜ ቤት ውስጥ እንዲቆዩ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ሕግ

በአሜሪካ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፍትሐዊ ሥራ ደረጃዎች ሕግ ነው። በ1970 በግብርና አደገኛ የሆኑ ሥራዎች ዝርዝር ወጣ። በዚህም መሠረት ከ16 ዓመት በታች ያለ ተቀጣሪ ከ20 የፈረስ ጉልበት በላይ ኃይል በዘንጉ የሚያስተላልፍ ትራክተር መንዳት አይፈቀድለትም። የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ግን እንደ ፎር ኤች ባሉ የወጣቶች መርሐ ግብሮች የተፈቀደውን ሥልጠና ወስደው የምስክር ወረቀት ካገኙ ሊሠሩ ይችላሉ። ከግብርና ውጭ ባሉ ዘርፎች ለአደገኛ ሥራ የተወሰነው ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ነው።

ከሁሉም የሚያከራክረው ለወላጆች የተሰጠው ነፃነት ነው። ክልከላው ወላጁ ወይም አሳዳጊው በባለቤትነት በያዘው ወይም በሚያስተዳድረው እርሻ ላይ የሚሠራ ልጅን አይመለከትም፤ ዕድሜውም አይወሰንም። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቀጣሪ ልጆችን የሚመለከተውን ዝርዝር ለማጥበቅ ረቂቅ ደንብ አቀረበ። ብዙ ገበሬዎች ልጆቻቸው በአያትና በአጎት እርሻ ላይ እንዳይሠሩ ያግዳል ብለው ተቃወሙት። ረቂቁ በሚያዝያ 2012 ተነሣ።

ብሪታንያ የተለየ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ደንብ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሥራ ላይ ያለ ትራክተር ወይም ሌላ በራሱ የሚንቀሳቀስ የእርሻ ማሽን እንዳይነዳና እንዳይሳፈር ይከለክላል፤ ክልከላው በወላጅ እርሻ ላይም ይሠራል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2001 ያጸደቀው የግብርና ደኅንነትና ጤና ስምምነት ደግሞ ለአደገኛ ሥራ ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 አድርጎ፣ ሥልጠናና ጥበቃ ከተሟላ ከ16 ጀምሮ ሊፈቀድ እንደሚችል ይገልጻል።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። አዋጁ የሚመለከተው በቅጥር ላይ የተመሠረተ ግንኙነትን ስለሆነ፣ በወላጁ ማሳ ላይ የሚያግዝ ልጅ እዚህም ከሕጉ ሽፋን ውጭ ነው።

የክርክሩ ሁለት ወገኖች

የቤተሰብ እርሻ ደጋፊዎች ልጅን ከወላጁ በላይ የሚያውቀው እንደሌለ ይናገራሉ። ሥራን በልጅነቱ ያልለመደ ሰው እርሻውን ተረክቦ እንደማይቀጥል፣ ከአባት ጋር መሥራትም የኃላፊነት ትምህርት ቤት እንደሆነ ያስረዳሉ። ጥብቅ ሕግ የሚሹት ወገኖች ይህን ጥቅም አይክዱም። የሚከራከሩት ትራክተሩ ነጂው የባለቤቱ ልጅ ይሁን የጎረቤት ተቀጣሪ አይለይም፤ አንዱን የሚጎዳው ሌላውንም ይጎዳል በማለት ነው። የመኸር ሥራ ሲበዛና የሰው ኃይል ሲያጥር የወላጅ ፍርድ ሊዛባ እንደሚችልም ያክላሉ።

መመሪያዎች

በሁለቱ መካከል ለመሥራት ከተሞከሩት ጥረቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሰሜን አሜሪካ የልጆች የግብርና ሥራ መመሪያ ነው። መመሪያው ዕድሜን ብቻ ከማየት ይልቅ ወላጁ ለእያንዳንዱ ሥራ የልጁን አቅም እንዲመዝን ይጠይቃል፦ እግሩ በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፔዳሉን ይደርስበታል? የታዘዘውን ያስታውሳል? አደጋ ሲመጣ ፈጥኖ ይወስናል? አዋቂ በቅርብ ሆኖ ሊከታተለው ይችላል?

ለዚህ ደረጃ ያልደረሰ ልጅ ከእርሻ ሥራ ይራቅ ማለት አይደለም። እንቁላል መሰብሰብ፣ ጥጃ መመገብ፣ ችግኝ ማጠጣትና ከማሽን ርቀው የሚሠሩ ሌሎች ተግባራት ኃላፊነትን ያስተምራሉ። ከወላጅ የሚጠበቀው ለሕፃናት የታጠረ የመጫወቻ ቦታ ማዘጋጀት፣ ወደ ኋላ ከመሄድ በፊት ከኋላ ማየት፣ ከማሽኑ ሲወርዱ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ይዞ መሄድና ተጨማሪ ተሳፋሪ ፈጽሞ አለመጫን ነው። ሕጉ በቤተሰብ እርሻ ደጃፍ ላይ በሚቆምባቸው አገሮች ልጁን የሚጠብቁት እነዚህ የቤት ደንቦች ብቻ ናቸው።