የሚያረጋጉ መድኃኒቶች፤ ከሰቆጣ ሲታዩ

ዋግ ኽምራ ውስጥ ጭንቀት በራሱ ስም ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣም። ሰው የሚመጣው «ልቤ ድው ድው ይላል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» እያለ ነው። ሰበቡ ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰቆጣ በሰሜኑ ጦርነት ተያዘች፤ ከአበርገሌና ከዝቋላ ወረዳዎች የተፈናቀለው ሕዝብ በከተማዋ ዙሪያ ተጠለለ፤ ቀጥሎም ድርቅ መጣ። ይህ ሁሉ የወረደበት ሰው፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም ይሂድ ገጠር ጤና ጣቢያ፣ የሚለምነው የሚያስተኛ ክኒን ነው። ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ማወቅ ታዲያ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም።

አንጎል ውስጥ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነቃቁባቸው ኬሚካሎች አሉ፤ የሚበራረዱባቸውም አሉ። ከሚያበርዱት ዋናው ጋባ ይባላል። ጋባ በነርቭ ሕዋስ ገላ ላይ ካለው ተቀባይ ሲያርፍ በተቀባዩ መካከል ያለች በር ትከፈታለች፤ በዚያች በር ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሕዋሱም መልእክት ከመላክ ይቆጠባል። ከሚያረጋጉት ክኒኖች አንዱ፣ ዲያዚፓም፣ በዚሁ ተቀባይ ጎን የራሱ ማረፊያ አለው። እዚያ ተቀምጦ ጋባ በሩን ቶሎ ቶሎ እንዲከፍት ያግዘዋል እንጂ፣ ጋባ በሌለበት ራሱ አይከፍትም። ልዩነቷ ቀላል አትምሰል፤ ዲያዚፓም ብቻውን ከልክ በላይ ተወስዶ እንኳ አዘውትሮ የማይገድለው ከዚህ የተነሳ ነው። ሌላው የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል፣ የተለየ ነው። በሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያረዝመዋል፣ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ጋባን ሳይጠብቅ ይከፍተዋል፤ ትንፋሽ እስከማቆምም ይደርሳል።

ፌኖባርቢታል ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። እርሱና ዘመዶቹ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ነገሡ። ከዚያ የሆፍማን ላ ሮሽ ኬሚስት የነበረው ሊዮ ስተርንባክ ያገኛቸው ሊብሪየም በ1960፣ ቫሊየም ተብሎ የተሸጠው ዲያዚፓም ደግሞ በ1963 መጡ። የሚገርመው፣ ስንት ሚሊዮን ሰው ከዋጣቸው በኋላ ነው በአንጎል ውስጥ ማረፊያቸው የታወቀው፤ በ1977። ኋላም በአይጦች ላይ እንደታየው፣ እንቅልፍ የሚያመጣው የተቀባይ ዓይነትና ጭንቀት የሚያቀልለው ዓይነት አንድ አይደሉም። ዲያዚፓም ግን ሳይመርጥ ሁለቱንም ይነካል፤ ጭንቀቱ ሲለቅ እግር የሚከብደው፣ የሰሙት የሚረሳውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። የጠላው፣ የአረቄው፣ ከዋግ ማር የተጣለው የጠጁ አልኮል በከፊል የሚሠራው በዚያው በጋባ ተቀባይ በኩል ነው። ክኒኑን ውጦ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ የሚደግም ሰው ሁለት መድኃኒት በአንድ በር አስገባ ማለት ነው። ብቻውን የማይገድለው ዲያዚፓም የሚገድለው በአብዛኛው በዚህ መንገድ፣ ወይም እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ካሉ ማስታገሻዎች ጋር ሲደረብ ነው። «እንቅልፍ እንዲወስደኝ ትንሽ ልቅመስ» የሚለው ልማድ ብዙ ስለሚሰማ፣ መድኃኒት አዳዩ ስለ መጠጥ ሳይጠይቅ ክኒን ባይሰጥ እመርጣለሁ።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ መድኃኒቱ ስንት ጊዜ ይቆያል ነው። ዲያዚፓም በደም ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይወስዳል፤ ጉበት ፈጭቶ የሚያወጣው ተረፈ ምርቱም ራሱ መድኃኒት ነው፣ ከዚያ በላይ ይቆያል። ማታ የዋጡት ነገ በገደል መንገድ ላይ አብሮ ይሄዳል፤ በሽማግሌዎች ላይ ደግሞ ይበልጥ ስለሚቆይ መውደቅን ያስከትላል። የጉበት ነገር ከተነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ተጠቃሽ ነው፤ ማስታገሻውን ኮዴይንን የሚለውጠው፣ የድብርት መድኃኒቱን አሚትሪፕቲሊንን ከሚፈጩትም አንዱ የሆነው ኢንዛይም ዘረ መል ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው ላይ ትርፍ ቅጂ ነበረው። አሚትሪፕቲሊን እነርሱ ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ኮዴይን ግን ቶሎ ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ ይበረታል። በዚያው ዘመን የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ዲያዚፓምን የሚፈጨው ኢንዛይም የማይሠራላቸው ኢትዮጵያውያን 5 በመቶ ያህል እንደሆኑ አሳይቷል። አንድ ዓይነት ክኒን፣ ሁለት ጎረቤት፣ ሁለት ውጤት።

ሌሎቹን መድኃኒቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ፕሮፕራኖሎል አድሬናሊን ልብ ላይ እንዳይሠራ ስለሚከለክል የልብ ምትና የእጅ መንቀጥቀጥ ያበርዳል፤ አስም ላለበት ግን አደገኛ ነው። ክሎርፕሮማዚን የሚሠራው በአብዛኛው ዶፓሚንን በመዝጋት ነው፤ ቦታው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንጂ ተራ ጭንቀት አይደለም። ለቀዶ ጥገና የሚሰጠው ኬታሚን መንገዱ ሌላ ነው፤ ጋባን አያግዝም፣ የሚያነቃውን ግሉታሜት ይዘጋል። ለረጅም ጭንቀት የሚሻለው ፍሉኦክሴቲን ሴሮቶኒን ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ያደርጋል፤ ጥቅሙ እስኪታይ ግን ሳምንታት ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ሰው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ባልጣለው።

ፈጥኖ የሚሠራው ግን ዕዳ አለው። ዲያዚፓም ለሳምንታት ሲወሰድ ተቀባዮቹ ይለምዱታል፤ በድንገት ሲቋረጥ እንቅልፍ ማጣቱ በእጥፍ ይመለሳል፣ መንቀጥቀጥም፣ አንዳንዴ እስከ መንፈራገጥ። ስለዚህ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለድንጋጤውም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣቱ የዲያዚፓም ወገን መድኃኒት ለአዋቂዎች እንዳይሰጥ መክሯል። ለተፈናቃይ መጠለያ የሚስማማ ምክር ነው፤ ቤቱን ያጣ ሰው አለመተኛቱ ራሱ በሽታ አይደለም።

በገጠሩ ከዲያዚፓም ይልቅ ዓመታት አብሮ የሚኖረው ግን ፌኖባርቢታል ነው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሆኖ። ርካሽ ነው፣ በቀን አንዴ ይበቃል። መንገድ ሲዘጋና ክኒኑ ሲያልቅ፣ ወይም ሕመምተኛው «ፀበል ልገባ ነው» ብሎ ሲተወው፣ የሚመጣው መንፈራገጥ ከቀድሞው ሊብስና ሳያቋርጥ ሊቀጥል ይችላል። ፀበሉን ሳይተዉ ክኒኑንም መቀጠል ይቻላል፤ ይህን የሚናገር ቄስ ከብዙ ፖስተር ይሻላል። ሴቶች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለባቸው። ፌኖባርቢታል የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚቀሰቅስ የወሊድ መከላከያ እንክብልን ኃይል ይቀንሳል፣ በክንድ የሚቀበረውንም ሊያዳክም ይችላል፤ በየሦስት ወሩ የሚወጋው ግን ብዙም አይነካም።