ገና በትምህርት ቤት ሜዳ

የገና ጨዋታን የማያውቅ ደገኛ የለም። እናንተም ከብት ስትጠብቁ ተጫውታችሁታል። ግን ልጆች ይህን ጨዋታ ከፊደልና ከሒሳብ ጋር ሲማሩት አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ። ያደግሁት በእግር ኳስ ነው። ገናን መጀመሪያ የሞከርሁ ቀን ዱላዬን እንደ መጥረቢያ ከትከሻዬ በላይ አነሳሁ። ጥንጉን ሳትሁ፤ የጓደኛዬን ቅልጥም መታሁ። ልጁ ሳምንት ሙሉ አነከሰ። ከዚያ ወዲህ ዱላ መያዝ ፈራሁ።

ዘንድሮ ግን በዳባት አካባቢ ሳስተምር የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ አንድ ነገር አሰበ። ኳስ አልነበረውም። «ኳስ ከሌለ ገና አለ» አለ። የሚያሳያቸው ሰው ፈለገ። ከማታ ተማሪዎቼ አንዱን ሽማግሌ ለመነ።

«እኔ ራሴ ተማሪ ነኝ፤ እንዴት አድርጌ አስተምራለሁ?» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁትን እኔ አላውቅም» አለ መምህሩ። እሳቸውም መጡ።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር።

ዱላው ከጠንካራ እንጨት ይሠራል። ጫፉ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ጥንጉ (ሩር የሚሉትም አሉ) ከእንጨት ይጠረባል። ለጀማሪ ግን በጨርቅና በገመድ የተጠቀለለ ይሻላል። ቢመታም አይሰብርም።

ዱላው በሁለት እጅ ይያዛል። ጉልበት ይታጠፋል። ዓይን ከጥንጉ አይነሣም። መጀመሪያ ጥንጉን መሬት ለመሬት እየገፉ መሄድ ነው። ቀጥሎ ለጓደኛ ማቀበል ነው። መምታት የመጨረሻው ነው። «ዱላ ከጉልበት በላይ ካነሣችሁ ጥንጉን ሳይሆን ሰው ትመታላችሁ» አሉ ሽማግሌው። የእኔ ጥፋት የቱ ላይ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ቡድን አባቶች ተመረጡ። ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። ጥንጉ መሐል ሜዳ ተቀመጠ። ወዲያው ጨዋታው ደመቀ።

ብዙም ሳይቆይ ጠብ ተነሣ። አንዱ ወገን «ጥንጉ መስመሩን አልፏል» አለ። ሌላው «አላለፈም» አለ። ዱላ ወደ ላይ ተነሣ። ሽማግሌው መሐል ገቡ። «ተው ልጆቼ! በእኛ ጊዜ ለዚህ ስንቱ ተፈንክቷል» አሉ።

በእርግጥ በገና ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጫወታሉ፤ ጌታው ቢመታም አይቆጣም ይባላል። ግን አለመቆጣት ብቻ አይበቃም። ደንብ ያስፈልጋል። የአንዱ መንደር ደንብ ከሌላው ይለያል። የተጻፈ ነገር ስለሌለ ጉልበተኛው ያሸንፋል።

መምህሩ ልጆቹን ወደ ጥቁር ሰሌዳው ወሰዳቸው። ሁሉም ተስማምተው አራት መስመር ጻፉ፦

ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣም።
ጥንግ በእጅ አይነካም።
የወደቀ ሰው አይመታም።
ዳኛ ያለው ይጸናል።

ሽማግሌው ሰሌዳው ፊት ቆመው ቀስ እያሉ አነበቡ። ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው ገለበጡት። «ይህን ለመንደራችን እወስዳለሁ» አሉ።

ሌላውም ዓለም እንዲሁ አድርጓል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላክሮስ የሚባል የዱላ ጨዋታ አላቸው። የዱላው ጫፍ መረብ አለው። ኳሱን በመረቡ ይቀልባሉ፤ ይወረውራሉም። ጥንት እያንዳንዱ ሕዝብ በየራሱ ልማድ ይጫወተው ነበር። በኋላ ደንቡ ተጻፈ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1908 በኦሎምፒክ ውድድር ገባ። በ2028 በሎስ አንጀለስ እንዲመለስም ተወስኗል። የእኛም ገና በሀገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድር ከሚካሄዱት አንዱ ነው።

ገና ታኅሣሥ 29 ይከበራል፤ በአራት ዓመት አንዴ ታኅሣሥ 28 ይውላል። አዝመራው ተነሥቶ ሜዳው ይሰፋል። ከዚያ ቀን በፊት ደብተራችሁን አውጡ። የመንደራችሁን ደንብ ጻፉ። ለልጆቻችሁም አንብቡላቸው። ልጅ በበዓል ቀን ተፈንክቶ ወደ ቤት አይግባ።

ተወያዩ፦
1. በመንደራችሁ ጥንጉ መስመር አለፈ የሚባለው መቼ ነው?
2. ስትጣሉ ዳኛው ማን ነው?
3. ደንቡን በአራት መስመር ጻፉ።