ከ944 ወደ 911፦ የመኪና ጠባይ ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ መጽሔት ስለ ስፖርት መኪና መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢያን የቅንጦት ወሬ ይመስላቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ በቤይሩትና በአካባቢዋ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን አብዛኞቻችን የምንሄደው በእግር ወይም በ«ሰርቪስ» ታክሲ ነው። መኪናው በሚጠመዘዝበት ኩርባ ዳር የምንቆመው እኛው ነን። ስለዚህ አንድ መኪና «ጠባይ አለው» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የጠባዩስ ዋጋ በማን ላይ እንደሚያርፍ ማወቁ ይጠቅመናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የማውቀው አንድ ሊባኖሳዊ ነው። የሚኖረው በሐዝሚዬ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታማ ሰፈር ነው። በ2019 መጨረሻ ባንኮች የሕዝቡን ተቀማጭ ገንዘብ ሲይዙ የእርሱም ቁጠባ እዚያው ቀረ። ከ1997 ጀምሮ በ1,507 ሊራ ገደማ ተተክሎ የኖረው ዶላር በ2022 መከር በገበያ ከ35,000 ሊራ በላይ ሆነ። ከእጁ ያልወጣው ዋነኛ ንብረቱ የ1986 ፖርሸ 944 መኪናው ነበር። በዚያው መከር እርሷን ሰጥቶ፣ የቀረችውን ዶላር ጨምሮ፣ የ1985 ፖርሸ 911 ካሬራ ወሰደ። ወዳጆቹ «ደኅናውን ሰጥተህ አስቸጋሪውን ወሰድህ» አሉት።

ከምሕንድስና አንጻር ካየነው ወዳጆቹ አልተሳሳቱም። ከ1982 እስከ 1991 የተሠራው 944 ሞተሩ ከፊት፣ ካምቢዮው ከኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ክብደቱ በፊትና በኋላ እግሮቹ ላይ እኩል ለእኩል ለማለት በሚቻል ሁኔታ ተከፍሏል። ባለ 4 ሲሊንደርና በውሃ የሚቀዘቅዘው 2.5 ሊትር ሞተሩ 163 የፈረስ ጉልበት አለው። ኩርባ ላይ ነጂው ትንሽ ቢሳሳት መኪናው ይታገሠዋል።

911ን ለመረዳት ግን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ሁላችንም የምናውቃት ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም አየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። ሻንጣ የምናስቀምጠው ከፊት ነው። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሸ ሲሆን፣ በ1948 የፖርሸ ስም የያዘው የመጀመሪያ መኪና 356 ሲወጣ ብዙ ዕቃው የቮልስ ነበር። የ356 ተተኪ በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲቀርብ ስሙ 901 ተባለ፤ ነገር ግን ፔጆ ኩባንያ መሐሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኀዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ስለ ተቃወመ 911 ሆነ። 404ንና 504ን የሚያስታውስ አንባቢ የክርክሩ መነሻ ይገባዋል። እንግዲህ 911 የቮልስ ዘመድ ነው። በ1985ቱ ካሬራ ላይ ግን ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3.2 ሊትር፣ ጉልበቱም 231 ነው።

ችግሩም ውበቱም የሚመነጨው ከዚሁ ከኋላ ካለው ሞተር ነው። ከክብደቱ ከመቶ 60 ያህሉ በኋላ እግሮቹ ላይ ያርፋል። እንስራ ሙሉ ውሃ አዝሎ የሚሄድ ሰው ድንገት ቢታጠፍ፣ ሰውየው ዞሮም እንስራው በቀድሞው አቅጣጫ ሊሄድ ይታገላል። 911ም እንዲሁ ነው። ነጂው ኩርባ መሐል ደንግጦ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ቢያነሣ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የኋላ ጎማዎች መሬት የመቆንጠጥ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ያ ከባድ ጅራትም ወደ ውጭ ይወጣል። በአንጻሩ ነጂው አስቀድሞ በቀጥታው መንገድ ላይ ፍሬን ይዞ፣ ኩርባው ውስጥ ቤንዚን በመጠኑ እየሰጠ ቢወጣ፣ ያው ክብደት የኋላ ጎማዎችን መሬት ላይ ይጫናቸዋል። ዳገቱን መቧጠጥ የሚችሉትም ለዚህ ነው። የፊቱ ቀላል ስለሆነና መሪው አጋዥ ስለሌለው፣ የአስፋልቱ እያንዳንዱ ሻካራነት በነጂው እጅ ይሰማል።

ጠባይ የሚባለው ይህ ነው። የፈረስ ጉልበት የመጠን ጉዳይ ሲሆን፣ ጠባይ የዓይነት ጉዳይ ነው። ጠባይ ያለው መኪና ለነጂው ሥራ ይመልስለታል፣ ስሕተቱንም ይነግረዋል። ፋብሪካው ራሱ በ1977 ባወጣው 928 አማካይነት 911ን ሊተካ አስቦ ነበር። በ1981 ግን አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ፒተር ሹትስ የ911 ሥራ እንዲቀጥል ወሰነ። 928 በ1995 ሲያበቃ 911 ዛሬም ይሠራል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አባቶቻችን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረሳቸው ስም የተጠሩት ፈረሱ መጓጓዣ ብቻ ስላልነበረ ነው።

ሆኖም ጠባይ በግዢ ብቻ አይገኝም። በመከሩ የመጀመሪያ ዝናብ ከዓለይ ቁልቁል ስንመለስ ከሰውየው ጎን ተቀምጬ ነበር። አንዱን ኩርባ ትንሽ ፈጥኖ ገባበትና ደነገጠ፤ በ944 እንደ ለመደው እግሩን ባንዴ አነሣ። ጅራቱ ወጣ። ግማሽ ዙር ዞረን ከግንቡ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። ማንም አልተጎዳም። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። በእሑድ ቀን እረፍት ያገኙ እኅቶቻችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንዲህ ባለው መንገድ ዳር ታክሲ ሲጠብቁ አይቻለሁ። ግንቡን እያየሁ ያሰብኩት እነርሱን ነው።

በማግስቱ ጎማዎቹን መረመርን። ጥርሳቸው አላለቀም፤ ነገር ግን በጎናቸው የታተመው ባለ አራት አኀዝ ቁጥር ከአሥር ዓመት በላይ እንደ ቆዩ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኀዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ፤ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ በዝናብም አይቆነጥጥም። አሮጌ መኪና የሚገዛ ወይም የሚሳፈር ጓድ ሁሉ ይህን ቁጥር ማንበብ ይገባዋል። ሰውየው ጎማዎቹን ለወጠ፤ ከዚያም ልምድ ያለው ነጂ ይዞ፣ ሰው በማይደርስበት የታጠረ ባዶ ሜዳ ላይ ለሦስት ሳምንት ጅራቱ ሲወጣ መመለስን ተለማመደ። ሜዳው ለዚህ እንግዳ አልነበረም፤ በመኪና ማቆሚያ ሜዳ የሚደረገው የሬድ ቡል ካር ፓርክ ድሪፍት ውድድር የተጀመረው በ2008 እዚሁ ሊባኖስ ውስጥ ነው።

ዛሬ ወደ ዓለይ ሲወጣ ከበፊቱ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ደስታው ግን የበለጠ ነው። «944ን እኔ እነዳት ነበር፤ 911 ግን መንዳት አስተማረኝ» ይላል። ለውጡ ትርፍ ነበር ወይስ ኪሳራ? ለእርሱ ትርፍ የሆነው መኪናውን በወሰደ ዕለት ሳይሆን ከሜዳው በወጣ ዕለት ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ቀሪው የጋላቢው ሥራ ነው። ጋላቢው ሥራውን እስኪማር ድረስ ደግሞ የመንገዱ ዳር የእግረኛው መሆኑን አይርሳ።