ሁለት ሥራ፣ አንድ ሰውነት፦ የአዲሷ ነርስ የጊዜ ስሌት

በነርሲንግ ከተመረቀች ገና ዓመት ያልሞላት የእህቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከአዳር ተራዋ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣች። ቁርስ እስኪቀርብ ወረቀትና እርሳስ ጠየቀችኝና «ጋሼ፣ እርስዎ የፊዚክስ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይህን ሒሳብ ይዩልኝ» አለችኝ።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የመንግሥት ሆስፒታሉ 48፣ የግል ክሊኒኩ 36፣ መንገዱ 14፣ በድምሩ 98 ሰዓት ይወስዳሉ። የሚቀረው 70 ነው። ከዚህ ላይ በቀን 8 ሰዓት እንቅልፍ ሲቀነስ 14 ሰዓት ይተርፋል። «ይበቃል አይደል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ድምሩ ትክክል ነበር። ስሕተቱ ያለው ከመነሻው ግምት ላይ ነው፤ ይኸውም ሰዓታት ሁሉ እኩል ናቸው ከሚለው።

ሁለቱ ሥራዎች እንዴት መጡ?

በአገራችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ የመውጫ ፈተና ግዴታ ሆኗል። የጤና ምሩቅ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። ይህን ሁሉ አልፋ የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ የእህቴ ልጅን የተቀበላት «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ሐረግ ነበር። ልምድ ለማግኘት ሥራ፣ ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ያገኘችውን የክሊኒክ ሥራ በአነስተኛ ደመወዝ ያዘች። ከወራት በኋላ የመንግሥት ቅጥር ሲመጣ ግን ክሊኒኩን መልቀቅ አልደፈረችም፤ የቤት ኪራይ አለ፣ በአገር ቤት የሚጠብቋት ወላጆች አሉ።

በውስጣችን የሚወዛወዘው ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ1729 ፈረንሳዊው ሊቅ ደ ሜራን ቅጠሎቹን ቀን የሚዘረጋና ሌሊት የሚያጥፍ ተክል በጨለማ ውስጥ አስቀመጠ። ተክሉ ፀሐይን ሳያይ በልማዱ ቀጠለ። ለመሆኑ ጊዜውን የነገረው ማን ነው? ዛሬ መልሱ ታውቋል፦ ሕያዋን ሴሎች የራሳቸው ሰዓት አላቸው። የዚህን ሰዓት ሞለኪውላዊ አሠራር ያብራሩት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የሰው ሰዓት ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች የሚበልጥ ፔሬድ አለው። ታዲያ ከቀኑ ጋር እንዴት ይስማማል? የልጆች ዥዋዥዌን እናስብ። ገፊው በየዙሩ በተገቢው ቅጽበት ጥቂት ቢነካው እንቅስቃሴው ከገፊው ጋር ይገጥማል። የእኛ ገፊ በዓይናችን የሚገባው ብርሃን ነው። ከምድር ወገብ ብዙ ባልራቀችው አገራችን የቀኑ ርዝማኔ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም ስለማይለወጥ ይህ ገፊ በየማለዳው በሰዓቱ ይደርሳል።

የአዳር ተረኛዋ ችግርም ከዚህ ይነሣል። ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ የጠዋት ፀሐይ ትቀበላታለች፤ ሰዓቷም «አሁን ቀን ነው» ብሎ ይጸናል። ድካሟ ተኚ ሲላት ሰዓቷ ንቂ ይላታል። ስለሆነም የቀን እንቅልፍ አጭርና የተቆራረጠ ይሆናል። በወረቀቱ ላይ 8 የተባለው ሰዓት በአልጋ ላይ 8 አይደለም። በፊዚክስ ቋንቋ፣ ተማሪዋ መጠኑን እንጂ ፌዙን አልቈጠረችም።

42 ጠብታ

ጠዋት 1 ሰዓት የነቃች ነርስ ቀኑን በክሊኒክ ውላ ማታ ለአዳር ብትገባ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 20 ሰዓት ነቅታለች ማለት ነው። በአውስትራሊያ ተካሂዶ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል መቀነሱን አሳይቷል። የሰውነት ሰዓት ንቃትን እጅግ ዝቅ የሚያደርገውም በዚሁ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ባለው ጊዜ ነው።

በዚህ ሰዓት 1000 ሚሊ ሊትር ጉሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዘዘ እንበል። መስመሩ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ያህል ይሆናል። የደከመ ዓይን 8ን 6 ብሎ ቢያነብ 56 ይሆናል። ለጤነኛ ወጣት ይህ ላይከፋ ይችላል፤ ልቡ ለደከመ አዛውንት ግን ትርፉ ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። በአሜሪካ በነርሶች ላይ ተደርጎ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ተራው 12 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ሲሆን የስሕተት ዕድል ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አግኝቷል።

ምን ይደረግ?

በአዳር መካከል የ20 ደቂቃ ሸለብታ ይረዳል። ቡና በሌሊቱ መጀመሪያ ይጠጣ፤ ካፌን ግማሹ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ የንጋቱ ስኒ የቀኑን እንቅልፍ ይሻማል። ወደ ቤት ሲሄዱ ጥቁር መነጽር፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ወፍራም መጋረጃ ይጠቅማሉ። የመድኃኒት ስሌትን በሌላ ባልደረባ ማስመርመር ደግሞ ነውር ሳይሆን ሙያ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ድካሙን ያቀልላል እንጂ አያጠፋውም። የሆስፒታሉ የተራ ሰሌዳ ብቻውን ሲታይ ጤናማ ነው፤ የክሊኒኩም እንዲሁ። ሁለቱን በአንድነት የሚያይ አለቃ የለም። ሁለቱ የሚደመሩት በአንዲት ልጅ ሰውነት ላይ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ከሰማች በኋላ እርሳሷን አንሥታ ከአዳር በፊትና በኋላ የሚውሉትን የክሊኒክ ቀናት ሰረዘች። ገቢዋ ቀነሰ፤ የቤት ኪራዩ ግን አልቀነሰም። ይህን ክፍተት ፊዚክስ አይሞላውም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ በበሽተኛ ራስጌ የምትቆሙ፣ የተራ ሰሌዳ የምታወጡ፣ ደመወዝ የምትወስኑም አላችሁ። ያን ጊዜ ሰዓታትን ስትደምሩ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጠብታ እየቈጠረች ያለችውን ልጅ አስቡ።