ዘር የሚያወርሰው፣ ጫማ የሚከለክለው

ለያሆዴ በዓል ወደ ሆሳዕና በወረድኩበት በአንዱ መስከረም፣ የእናቴ ወንድም ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይጠብቁ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ መሀል ወሰዱኝና «የሕግ ጥያቄ አለኝ» አሉኝ፡፡ የልጅ ልጃቸውን ለማግባት ከዱራሜ በኩል ሽማግሌ ተልኮ ነበር፡፡ ቃል ተሰጥቶ፣ ቀን ሊቆረጥ ጥቂት ሲቀረው ሽማግሌዎቹ በዚያው ቀሩ፡፡ ሲጠያየቅ ምክንያቱ የልጅቷ ሴት አያት፣ ማለትም የአጎቴ ባለቤት እግር ሆኖ ተገኘ፡፡ እኚህ ሴት ያበጠ እግራቸውን በረዥም ቀሚስ ሸፍነው ብዙ ዓመት የኖሩ ናቸው፡፡

«አንተ ሕግ ተምረሃል፤ እነዚህን ሰዎች መክሰስ አይቻልም?»

አይቻልም አልኳቸው፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ይደነግጋል፡፡ አላገባም ያለን ሰው ፍርድ ቤት አያስገድደውም፡፡ ይህ አጎቴን ብዙም አላስደነቃቸውም፡፡ ያንገበገባቸው ሌላ ነገር ነበር፡፡ ከወንዱ ወገን የሆነ አንድ የተማረ ወጣት «ይሄ የመንደር ወሬ አይደለም፤ በዘረመል ምርምር የተረጋገጠ ነው፤ በዘር ይተላለፋል» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል፡፡

ወጣቱ አልዋሸም፡፡ ካነበበው ግማሹን ተናገረ፡፡ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ቀሪው ግማሽ ነው፡፡

ቀዩ አፈርና ባዶ እግር

በየገበያው የምናየውን የእግር እብጠት ሕዝቡ በጅምላ «ዝሆኔ» ይለዋል፡፡ በውስጡ ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ፡፡ አንደኛው በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ትል ምክንያት በቆላ አካባቢ የሚከሰተው ነው፡፡ ሁለተኛው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፡፡ ይህኛው ትልም፣ ተህዋስም፣ ትንኝም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፡፡ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ እየሠሩ በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተገኘ ቀይ አፈር ጋር ተያይዞ እንደሚመጣ አሳዩ፡፡ ስሙንም «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት አወጡለት፡፡

አመጣጡ እንዲህ ነው፡፡ በዓይን የማይታዩ የአፈሩ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ፡፡ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይውጧቸውና በሊምፍ ቧንቧዎች ውስጥ ቁጣ ይነሣል፡፡ ለዓመታት የተደጋገመው ቁጣ ቧንቧዎቹን ያጠባቸዋል፣ ይዘጋቸዋልም፡፡ መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግርን ያሳብጣል፡፡ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ ዝናብ የሚበዛበት ባለ ቀይ አፈር ደጋና ወይና ደጋ የዚህ በሽታ አገር ነው፡፡ የሐድያንና የከምባታን መሬት የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ መግለጫ አያስፈልገውም፡፡

በመላ አገሪቱ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የዳሰሳ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 4 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው አረጋግጧል፡፡ ሐድያና ከምባታ ያኔ ባሉበት የደቡብ ክልል ይህ ቁጥር 8.3 በመቶ ነበር፡፡ በ2017 የወጣ ሌላ ስሌት በአገሪቱ ያሉትን ሕሙማን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ያደርሳቸዋል፡፡

ዘረመሉ ምን አለ?

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፡፡ በአንድ መንደር፣ በአንድ ቀይ አፈር ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ እያረሰ ለምን አንዱ ያብጣል፣ ሌላው በደህና ያረጃል? ሕዝቡ «በዘሩ ስላለ ነው» ሲል የኖረው ያለ ምክንያት አልነበረም፡፡ ሕሙማን ያሉባቸውን 59 ቤተሰቦች የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አገኘ፡፡ ለበሽታው በመጋለጥ ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 63 በመቶ ያህሉንም ከውርስ ጋር አያያዘው፡፡

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ውጤታቸውን አወጡ፡፡ ከጎረቤታችን ከወላይታ የተገኙ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን ጂኖም ከዳር እስከ ዳር አነጻጽረው፣ ያገኙትን ደግሞ በሌሎች ቤተሰቦች ላይ መልሰው ፈትሸውታል፡፡ ልዩነቱ የተገኘው ኤችኤልኤ በሚባሉት ጂኖች አካባቢ ነው፡፡ እነዚህ ጂኖች በእያንዳንዳችን ውስጥ አሉ፡፡ ሥራቸው ወደ ሰውነት የገባን ባዕድ ነገር ለመከላከያ ሕዋሳት ማሳየት ነው፤ እንደ ዘበኛ መሆናቸው ነው፡፡ ከሰው ሰው የሚለያየው የዘበኛው ዓይነት ነው፡፡ አንዱ የአፈሩን ማዕድን ሲያይ ዝም ይላል፣ ሌላው መንደሩን ሁሉ ቀስቅሶ ጩኸት ያበዛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ተከታይ ጥናት ተመሳሳዩን ዝምድና በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ላይ አግኝቷል፡፡ የአንድ ጎሳ ወይም የአንድ ቤት ነውር አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል፡፡

ወጣቱ ያልተናገረው ግማሽ የሚጀምረው እዚህ ነው፡፡ የሚወረሰው ተጋላጭነት ነው፡፡ በሽታው ራሱ የሚመጣው ከአፈሩ ነው፡፡ 63 በመቶ ማለትም «ልጁ የመታመም ዕድሉ 63 በመቶ ነው» ማለት አይደለም፡፡ ቁጥሩ ሁሉም በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር ላይ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ይለካል እንጂ የማንንም ልጅ ዕጣ አይናገርም፡፡ ጫማ የገባ ዕለት ስሌቱ ይፈርሳል፡፡ በሰሜን አፍሪካና በካናሪ ደሴቶች ይህ በሽታ ነበር፡፡ ጫማ የሁሉም ሰው ልብስ ሲሆን ጠፋ፡፡ የጠፋው የሕዝቡ ዘር ተለውጦ አይደለም፡፡

ምርመራው ለሕመምተኛው ምን ይጠቅማል?

የተማረ አንባቢ «እንግዲያው ሙሽሪት የጂን ምርመራ አድርጋ ነፃ መሆኗን ታሳይ» ሊል ይችላል፡፡ የጂኖም ምርመራ ለሕክምና የሚጠቅምበትን ቦታ ለይቶ ማየት ያሻል፡፡ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ በሚታዩ በሽታዎች ረገድ ጥቅሙ ትልቅ ነው፡፡ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስታወቀችው የ100 ሺሕ ጂኖሞች ፕሮጀክት የሙከራ ምዕራፍ ውጤት በ2021 ሲታተም፣ ለዓመታት ሕመማቸው ስም አጥቶ ከተንከራተቱት ታማሚዎች ሩብ ለሚሆኑት መልስ አስገኝቷል፡፡ አባካቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒትም ሌላ ምሳሌ ነው፡፡ አንድ የታወቀ የኤችኤልኤ ዓይነት ያለውን ሰው ለሞት ሊያደርስ በሚችል ቁጣ ስለሚያሠቃየው፣ በብዙ አገሮች መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ጂኑ ይመረመራል፡፡ በሁለቱም የምርመራው ውጤት የሐኪሙን ውሳኔ ይቀይራል፡፡

በፖዶኮኒዮሲስ ግን ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ምክሩ አንድ ነው፡፡ ጂኑ ያለበትም የሌለበትም ልጅ ጫማ ያድርግ፣ እግሩን ይታጠብ ይባላል፡፡ ውሳኔን የማይቀይር ምርመራ ለመለያያ ካልሆነ በቀር ለማንም አይጠቅምም፡፡ ጥናቱ ለሕክምና የሚሰጠው ትርፍ በሌላ በኩል ነው፡፡ በሽታው ከሰውነት መከላከያ ቁጣ የሚነሣ መሆኑን አሳይቶ መድኃኒት ለሚፈልጉ ሰዎች መንገድ ጠቁሟል፡፡ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ያለ አንዳች መሣሪያ የምትጠይቀውን ጥያቄ አስጨብጧታል፤ «ከዘመድ እግሩ ያበጠ አለ?» አዎ ከተባለ፣ ውስን የሆነው ጫማ አስቀድሞ ለዚያ ቤት ልጆች ይድረስ፡፡

ለታመመውም ተስፋ አለ፡፡ በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ፣ በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለውን ድንገተኛ የእግር ቁስለትና ትኩሳት በአምስት አንድ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል፡፡ ብዙ አይደለም የሚል ይኖራል፡፡ በሽታው በየወሩ ከሥራ የሚያስቀራት ሴት ግን ምን ያህል እንደሆነ ታውቀዋለች፡፡

የሕግ ሰው ነኝና ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናና የዘረመል መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል፡፡ መልካም ነው፡፡ ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው በመዝገብ ያለውን ነው፤ በቡና ላይ የሚወራውን አይደርስበትም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚሁ የዘረመል ጥናት ፈቃድ አጠያየቅን የመረመሩ ባለሙያዎች ይህን ቀድመው አይተውታል፡፡ የመገለሉ ሥር «በዘር ይሄዳል፣ መዳኛም የለውም» የሚለው እምነት ነበር፡፡ ሰዎችም ምርምሩ ይህንኑ እንዳያባብስ ሠግተው ነበር፡፡ ሥጋታቸው ከአጎቴ ጓሮ ድረስ መጣ፡፡ እንግዲህ ደም የሰጠ ሕዝብ የደሙን ውጤት በሙሉ፣ በሚገባው ቋንቋ የመስማት መብት አለው እላለሁ፡፡ በሐድይሳና በከምባትኛ፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ሊነገረው ይገባል፡፡ ለጤና ቢሮዎች፣ ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና ለንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚመጥን ሥራ ነው፡፡

በወንዱ ወገን ብቻ አልፈርድም፡፡ የአባቴ እኅት በእኛ ቤት ጓዳ ይኖሩ ነበር፡፡ እኅቴን ለመጠየቅ ሽማግሌ በሚመጣበት ማለዳ ጎረቤት ቤት እንዲውሉ ተወሰነ፡፡ እጃቸውን ይዤ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፡፡ ለምን እንደሚሄዱ አልጠየቁኝም፡፡ ማታ ስመልሳቸው «እሺ አሉ?» ብቻ አሉኝ፡፡ እሺ ብለዋል አልኳቸው፡፡ ደስ አላቸው፡፡

ለአጎቴ ይህን ሁሉ እንደነገርኩት፣ ክሱን ትተው ሽማግሌ መልሰው እንዲልኩ፣ ከሽማግሌዎቹም ጋር አንድ የጤና ባለሙያ እንዲጨምሩ መከርኳቸው፡፡ የወንዱም ቤተሰብ የሚያርሰው ያንኑ ቀይ አፈር ነውና ጥያቄው «የማን ዘር?» መሆኑ ቀርቶ «የልጆቻችን እግር ተጫምቷል ወይ?» መሆን አለበት አልኳቸው፡፡ ረዥም ጊዜ ዝም አሉ፡፡ ከዚያ «ታጥቦ ይሻለዋል ነው ያልከኝ?» አሉ፡፡ ስለ ጋብቻው መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን የሚያስቡት ስለ ባለቤታቸው ነበር፡፡ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም፡፡

ይህን እስከምጽፍ ድረስ ከዱራሜ መልስ አልመጣም፡፡ አጎቴ ግን በማግስቱ የባለቤታቸውን እግር ካርቶን ላይ አስቁመው ዙሪያውን በእርሳስ አስመሩና ካርቶኑን ይዘው ገበያ ወጡ፡፡ ከተደረደረው ጫማ ሁሉ በልኳ አልተገኘም፡፡ ካርቶኑን ለጫማ ሰፊ ሰጥተው፣ ቀብድ ከፍለው ተመለሱ፡፡