ቀለምን ስለ መደባለቅና ስለ መደረብ

ሥዕል ለመማር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ እጁ ነው። መስመሩ ይቃናልኝ ይሆን፥ የሰው ፊት ይወጣልኝ ይሆን ይላል። ነገር ግን የብዙ ጀማሪዎችን ሥራ የሚያበላሸው ከመስመሩ መጣመም ይልቅ የቀለሙ መጨቅየት ነው። ወደ ሱቅ ገብቶ ሃያ ዐይነት ቀለም ይገዛል፤ ከቤቱም ሲደርስ ያገኘውን ሁሉ አንድ ላይ ያሻል፤ በመጨረሻም በሸራው ላይ የሚታየው የክረምት ጭቃ የሚመስል ነገር ይሆናል። ገንዘቡም ድካሙም በከንቱ ይቀራል።

ምክንያቱ ሥውር አይደለም። ማናቸውም ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ወደ ዐይን ይመልሳል። ሁለት ቀለሞች ሲደባለቁ አንደኛው ከሚመልሰው ሁለተኛው ይቀንሳል፤ ሦስተኛና አራተኛ ሲጨመር ወደ ዐይን የሚደርሰው ብርሃን እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ለአንድ ድብልቅ ሁለት ቀለም፥ ቢበዛም ሦስት ይበቃል።

አረንጓዴ ከሰማያዊና ከቢጫ እንደሚገኝ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ዳሩ ግን ከየትኛው ሰማያዊ? ኡልትራማሪን የሚባለው ወደ ወይን ጠጅ መልክ ያዘነበለ ስለ ሆነ ከቢጫ ጋር ሲገናኝ የወይራ ቅጠል የሚመስል ደብዛዛ አረንጓዴ ይሰጣል። የፕሩሲያ ሰማያዊ ግን ከሎሚ ቢጫ ጋር ሲደባለቅ የለመለመ አረንጓዴ ይወጣዋል። በጥላ ውስጥ ላለ ዛፍ የፊተኛው፥ ለቡቃያ የኋለኛው ይስማማል። ጥቁርን ለማጨለም ብቻ የተፈጠረ አድርጎ የሚያስብ ጀማሪም በቢጫ ላይ ጠብ ሲያደርገው ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ አይቶ ይደነግጣል። የፈካ ሰማያዊ የሚሻ ሰው ነጩን አስቀድሞ አኑሮ ሰማያዊውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምርበት፤ በሰማያዊው ላይ ነጭ እያፈሰሰ ቢጀምር የሚፈልገውን ሳያገኝ የነጩ ቱቦ ያልቅበታል።

አንዳንድ መልክ ግን በድብልቅ ብቻ አይገኝም። ለዚህ በለንደን በናሽናል ጋለሪ የሚገኘው የያን ቫን ኤይክ ሥዕል ምስክር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1434 የተሣለው ይህ ሥራ፥ ከኢጣልያ ከሉካ ወጥቶ በብሩጅ ይነግድ የነበረውን አርኖልፊኒን ከአንዲት እመቤት ጋር ያሳያል። ሠዓሊው የእመቤቲቱን ቀሚስ ሲሠራ አስቀድሞ ከመዳብ የሚገኘውን አረንጓዴ ከፈካ ቀለም ጋር ቀላቅሎ ብርሃኑንና ጥላውን አበጀ፤ ከዚያም ያንኑ አረንጓዴ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ልባስ እንደ ባለ ቀለም መስተዋት ደረበበት። ብርሃኑ በላይኛው ልባስ ዐልፎ ከታችኛው እየተመለሰ ስለሚወጣ የቀሚሱ ጥልቀት ዛሬም ያስገርማል። ደንበኛው የጨርቅ ነጋዴ ነበርና፥ በደብዛዛ አረንጓዴ ቢሥልለት ዝም ብሎ የሚያልፈው አይመስልም።

መደረብ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ይጠነክራል እንጂ። ስለዚህ የመጀመሪያው ልባስ በአኳራጅ የቀጠነና ዘይቱ ያነሰ፥ በላዩ የሚመጣው ዘይቱ የበዛ ሊሆን ይገባል። ይህ ሥርዐት ቢገለበጥ የላይኛው ቀድሞ ይደርቅና የታችኛው ገና ሲላወስ ይሰነጣጠቃል። ጉዳቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ሥዕሉን በዋጋ ገዝቶ በአዳራሹ የሰቀለ ሰው ነው ከዓመታት በኋላ የሚያገኘው። በውሃ ቀለም የሚሠራ ግን ነጩ ራሱ ወረቀቱ ስለ ሆነ ከፈካው ጀምሮ ወደ ጠቈረው ይሄዳል።

ጀማሪው ስድስት ቱቦ ይበቃዋል፤ ነጭ፥ የሎሚ ቢጫ፥ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ፥ ሁለቱ ሰማያዊዎችና አንድ ቡናማ። በቁራጭ ሸራ ላይ ቢጫ ቀብቶ ጣት ሲነካው እስከማይለጠፍ ድረስ ጥቂት ቀናት ያቈየው፤ ከዚያ ቀዩን በስሱ ይደርብበት፤ ከጎኑም ቀይና ቢጫውን ደባልቆ ይቀባ። ሁለቱም ብርቱካን መልክ ይይዛሉ፤ የተደረበው ግን ከውስጡ ያበራል።