በቀቀንና የእሳት ራት

በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው የወሎ ምዕራባዊ ደጋ ለሥራ የተቀመጠ ሰው ሁለት በራሪዎችን ሳያይ አይቀርም። አንደኛይቱ በቀን ከጓደኞቿ ጋራ እየጮኸች የምታልፈው አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን ናት። ሁለተኛይቱ በሌሊት ወደ መብራት የምትመጣው አመድማ የእሳት ራት ናት። የመጀመሪያይቱን ቀና ብለን እናያታለን፤ ሁለተኛይቱን ግን ከጠረጴዛችን ላይ ጠርገን እንጥላታለን። ለገበሬው ጎተራ የምታሰጋው ይህች የተጠረገችው ናት።

በቀቀኒቱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮዋ አትገኝም። የሳይንስ ስሟ አጋፖርኒስ ታራንታ ሲሆን፥ ታራንታ በኤርትራ የሚገኝ የተራራ መተላለፊያ ነው። ርዝመቷ 16 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ምንቃራቸው የሁለቱም ቀይ ነው፤ ወንዱ ግን ግንባሩም ስለሚቀላ ከሴቲቱ በቀላሉ ይለያል። የጽድ ፍሬ፥ ሾላና ልዩ ልዩ ዘር ትለቅማለች። የምታድረውም የምትፈለፍለውም በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ስለሆነ፥ አሮጌ ዛፍ በተቆረጠ ቍጥር ቤቷ ይፈርሳል።

የእሳት ራቲቱስ? ክንፎቿ ሲዘረጉ 3 ሴንቲሜትር ያህል ናቸው፤ ራሷም ከአበባ ማር በቀር የምትቀምሰው ሰብል የለም። ነገር ግን የተምች እናት ናት። በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ በመቶ የሚቈጠር እንቍላል ትጥላለች፤ እንቍላሉም በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። ትሉ በሁለትና በሦስት ሳምንት አድጎ ጤፉን፥ ገብሱን፥ ስንዴውን፥ ማሽላውንና የግጦሹን ሣር ያወድማል፤ ባቄላና አተሩን ግን ይተወዋል። ከዚያም አፈር ውስጥ ገብቶ ከ7 እስከ 12 ቀን ቈይቶ ክንፍ አውጥቶ ይበርራል።

ተምች ከዝናብ ጋራ ከሰማይ ወረደ የሚል ገበሬ ቢያጋጥማችሁ አትሳቁበት። የእሳት ራቶቹ ሌሊት በነፋስ ተጭነው ከሩቅ ይመጣሉ፤ ዝናብ የያዘው ነፋስ በአንድ ቦታ ያከማቻቸዋል፤ በዚያም እንቍላላቸውን ይጥላሉ። ስለዚህ የገበሬው አባባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። (በ2017 እ.አ.አ. ወደ አገራችን የገባውና በቆሎን አብዝቶ የሚያጠቃው የአሜሪካ ተምች ሌላ ዘር ነው።)

በጽሕፈት ቤት ላለን ሰዎች ትልቁ ጉዳይ የጊዜ ማጠር ነው። ትሉ ትንሽ ሳለ አረንጓዴ ስለሆነ በሣሩ መካከል አይታይም፤ ጠቍሮ በሠራዊት መጓዝ ሲጀምር ግን ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላበት ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶታል። ተምች ገባ የሚል ደብዳቤ አንድ ሳምንት በመዝገብ ቤት ካደረ፥ መድኃኒቱ የሚደርሰው ትሉ አፈር ከገባ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ወሬ በስልክ ይነገር፤ ደብዳቤው በኋላ ይድረስ።

ከዚህም የሚቀድም ዘዴ አለ። የሴቲቱን ሽታ የሚመስል መድኃኒት የተደረገበት ወጥመድ ሲሰቀል ወንዶቹ እየመጡ ይያዛሉ። በየጧቱ የሚያዙት ቍጥር ከዝናብ በኋላ በድንገት ከበዛ፥ ማሳውንና በተለይም የግጦሹን መሬት በዚያው ሳምንት ሣሩን እየገለጡ ማየት ያስፈልጋል።